ሽጉጥ ለምን አልጎርስ ይላል?

ባለፈው ክረምት አንድ የመጋዘን ጥበቃ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ መጣ። ጉም ያረጠበውን ካፖርት ሳያወልቅ በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን የፈቃድ ወረቀት አስቀደመልኝ፤ ቀጥሎ ችግሩን ነገረኝ። «ጋሼ፣ ይህ ማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት አልጎርስ ብሎኛል። የጥይት መወጣጫውን በሞረድ ካሹት ይስተካከላል አሉኝ።» በወታደርነት ዘመኔ በመሣሪያ ጥገና ክፍል መሥራቴን ከሰው ሰምቶ ነው። ዛሬ መሣሪያ አልጠግንም፤ ምክር ግን አልነፍግም። «አብሽር፣ ሞረዱ ይቆይ» አልኩትና ከሽጉጡ በፊት ካርታዎቹን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላባቸውን መያዣዎች፣ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

ስጠየቀው የኖርኩት ጥያቄ ስለሆነ ያንን ቀን ያስረዳሁትን ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ። ጽሑፉ ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ሽጉጥ ለሚታጠቅ ሰው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማን መታጠቅ እንደሚችል ደንግጓል፤ በዚያ በኩል ያልተስተካከለ ሰው የመጀመሪያ ጉዳዩ የጥይት መንከስ አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የተበጀ ይመስላል። መሣሪያ ጥይት ይጎርሳል፣ ይነክሳል፣ ቀለህ ይተፋል፤ ጥይት ደግሞ ይከሽፋል። አራቱ ቃላት የሚናገሩት አራት የተለያየ ነገር ነው፤ ሰዉ ግን አንዱን በሌላው ቦታ እያስገባ ስለሚናገር ጠጋኙንም ራሱንም ያሳስታል። ጥይቱ ከካርታው ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ በትክክል ካልገባ፣ አልጎረሰም። መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ብረቱ ከያዘው፣ ነክሷል። የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ አልወጣ ካለ፣ አልተፋም። ጥይቱ በቦታው ተቀምጦ፣ መርፌው መትቶት ዝም ካለ፣ ከሽፏል። ይህን ለይቶ መናገር የቻለ ሰው የመፍትሔውን ግማሽ ጨርሷል።

ከሁሉ በፊት ግን ሽጉጡን ባዶ ማድረግ አለ፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ሕይወት ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበትና አረር ሊያስቆም ወደሚችል ነገር ይዞራል፣ ጣት ከምላጭ ይርቃል። ቀጥሎ ካርታው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ማቀባበያው፣ ማለትም ከላይ ያለው ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት፣ ተስቦ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥይት የሚወጣው። ሰው በችኮላ ይህን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ያቀባብላል፣ የወጣችውን አንድ ጥይት አይቶ ደስ ይለዋል፣ ካርታውን ደግሞ ኋላ ያወጣል። ነገር ግን ማቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ካርታው ውስጥ ከነበሩት ሌላ ጥይት አጉርሷል። «ባዶ ነው» ተብሎ ሰው የመታው ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ የጎረሰ ነው። ስለዚህ ካርታ፣ ማቀባበል፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ የትንሿ ጣት ጫፍ በርሜሉ ኋላ ገብታ ባዶነቱን ታረጋግጥ። እኔ ሁለቴ አደርገዋለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ የሚያሳፍረኝ ነገር አይደለም።

አሁን ጉርሻው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጥይቱ ሲፈነዳ አረሩ ወደ ፊት፣ ኃይሉ ደግሞ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይገፋል። ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲሄድ ትንሽ ጥፍር መሰል ብረት የቀለሁን ጠርዝ ይዛ ትጎትተዋለች፤ ቀለሁ ከኋላ ካለ ሌላ ብረት ጋር ተጋጭቶ በጎን ይወረወራል። ማቀባበያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ዋናው ሞላ ወደ ፊት ይመልሰዋል። በመንገዱ ላይ ከካርታው አፍ የመጀመሪያዋን ጥይት ከኋላዋ ይገፋታል፤ የአረሯ ጫፍ ከበርሜሉ ሥር ባለው አጭር ተዳፋት፣ እሱ ነው መወጣጫው፣ ተንሸራትቶ ቀና ብሎ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሩጫዎች አሉ፦ ከላይ የማቀባበያው፣ ከታች ደግሞ የካርታው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለማድረስ የሚሮጠው። የመጉረስ ችግር አብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ስለዘገየ ወይም የተሳሳተ ቦታ ላይ ስለተገናኙ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ነው ካርታውን ያስቀደምኩት። ካርታ ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ፣ በኪስ የሚዞር፣ የሚወድቅ፣ የሚረገጥ፣ ከሽጉጡ ሁሉ እጅግ የሚበደል አካል ነው። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው መለዋወጫ ካርታውን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። የካርታው አፍ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፉት ሁለት ጠርዞች ከንፈር ይባሉ። ጥይቷን በትክክለኛው ከፍታና በትክክለኛው ማዕዘን የሚይዟት እነርሱ ናቸው። በትንሹ ከተከፈቱ ጥይቷ ቀድማ ትፈታለች፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቆማል፣ ማቀባበያው መጥቶ ይነክሳታል። ወደ ውስጥ ከተጨፈለቁ ደግሞ ጥይቷን አንቀው ስለሚይዙ አፍንጫዋ መወጣጫው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ልዩነቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ያንን ካርታ ከአዲስ ካርታ ጎን አድርጎ በብርሃን ማየት ነው።

ጥበቃውን «በዚህ ካርታ ምን አድርገህበታል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከአንደኛው ካርታ ግራ ከንፈር ላይ የተፋቀ፣ ያብለጨለጨ መስመር ነበር። የቢራ ቆርኪ! ቢራ ጠማቂ በሆነች ከተማ የሚኖር ሰው ጠርሙስ መክፈቻ ማጣቱ ይገርማል፤ ግን እርሱ ብቻ አይደለም። የእስራኤል ወታደሮች ኡዚ የሚባለውን መሣሪያቸውን ካርታ ከንፈር ጠርሙስ በመክፈት አበላሽተው ስላስቸገሩ፣ ኋላ የመጣው ጋሊል ጠመንጃ ላይ የጠርሙስ መክፈቻ እንደተገጠመለት በሙያው የታወቀ ነገር ነው። ወታደርን ከመምከር መሣሪያውን መለወጥ ቀላል ሆነ ማለት ነው። የሩሲያው ቶካሬቭ በዚህ ረገድ ብልህ ነው፤ ጥይት መሪዎቹ ከንፈሮች በሽጉጡ አካል ውስጥ በወፍራም ብረት ስለተቀረጹ የካርታው ከንፈር ትንሽ ቢጎዳም ይታገሣል። ማካሮቭ ግን ሙሉ በሙሉ በካርታው ላይ ይተማመናል።

የካርታው ሞላ ሌላው ተጠርጣሪ ነው፤ እርሱን ለመያዝ ግን የብረት ሥራ ዕውቀት አያስፈልግም፣ መቁጠር ብቻ ይበቃል። ማካሮቭ 8 ጥይት ይይዛል። ችግሩ ሁልጊዜ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ጥይቶች ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ ምክንያቱም ካርታው ባዶ እየሆነ ሲሄድ ሞላው ይዘረጋል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። በመጀመሪያዋ ጥይት ብቻ ከሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሙሉ ካርታ ላይ ግፊቱ ስለሚበዛ ጥይቷ ከሥር ካለችው ጋር ትፋተጋለች፣ ዋናው ሞላ ደካማ ከሆነ ወይም ውስጡ ደረቅ ከሆነ ማቀባበያው ገፍቶ ሊያወጣት ያቅተዋል። ቁጥር በሌለው መልኩ አንዳንዴ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ቆሻሻን ወይም ጥይቱን ጠርጥሩ።

ማቀባበያው ካርታው ውስጥ ጥይት እያለ በባዶ በርሜል ላይ ሲዘጋ ደግሞ ብዙዎች ይደናገጣሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካርታው እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው። የማካሮቭ የካርታ መቆለፊያ ከእጀታው ሥር፣ ከኋላ በኩል ነው፤ በጨለማ፣ በብርድ፣ በጓንት የተከተተ ካርታ የገባ መስሎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። በመዳፍ ጎሽመው «ቀጭ» ሲል ሰምተው፣ ጎትተው ደግሞ ያረጋግጡ።

ስለዚህ የምመክረው ምርመራ እጅግ ቀላል ነው። ካርታዎቹ ላይ በቀለም ወይም በምስማር ጫፍ 1፣ 2 ብላችሁ ጻፉ። ችግሩ በየትኛው ካርታ፣ በስንተኛ ጥይት፣ በምን ዓይነት ጥይት እንደተከሰተ በወረቀት መዝግቡ። ችግሩ ካርታውን ተከትሎ ከሄደ ሽጉጡ ንጹሕ ነው። በሁሉም ካርታ ከመጣ ሽጉጡን ወይም ጥይቱን ጠርጥሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሞላውንም ጥይቱንም ዘይቱንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ሽጉጡ ቢስተካከል እንኳ ለምን እንደተስተካከለ አያውቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከመነሻው ይጀምራል።

ወደ ጥይት እንምጣ። በእኛ አገር ትልቁ ግራ መጋባት «ዘጠኝ ቁጥር» የሚለው ስያሜ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18፣ በቱርክም በጣሊያንም ሽጉጦች የሚበዛው 9 በ19፣ አጭሩ ደግሞ 9 በ17 ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም በመዳፍ ላይ ሲታዩ እኅትማማች ይመስላሉ። ነገር ግን የማካሮቩ አረር ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ9 በ19 ግን 9.01 ገደማ ነው። አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገደድ ቢያንስ መንከስ፣ ቢከፋ መሣሪያውን እጅ ውስጥ መሰባበር ነው። የሳጥኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሳጥን የሌለው፣ ከዘመድ በጨርቅ ተቋጥሮ የመጣ ጥይት ከሆነ የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ማኅተም የሚያነብ ሰው ፈልጉ።

ሌላው የጥይት ችግር አርጅቶ መበላሸት ነው። የወሎ ቤቶች ውስጥ ጥይት ብዙ ቦታ ይደበቃል፤ እርጥበት ያገኘው ቀለህ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ይህ ዝገት ጥይቷን ወፍራም ያደርጋታል፣ በርሜሉ አፍ ላይም ሁለት ሚሊ ሜትር እንደቀረ ማቀባበያው ይቆማል። ሰው እዚህ ላይ በመዳፉ እየገፋ ይዘጋዋል። አታድርጉት! የማይገባበት ምክንያት አለው፤ የገባውን ነገር ኋላ ማውጣትም የባሰ ነው። አረንጓዴ ያወጣ፣ የጎደጎደ፣ አረሩ የሚነቃነቅ ጥይት ከአገልግሎት ይውጣ፤ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ አስረክቡት እንጂ እሳት ውስጥም ወንዝ ውስጥም አይጣል።

በጥበቃው ሽጉጥ ላይ ያገኘሁት ሁለተኛ ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በመጋዘኑ በር ላይ በየፈረቃው ሽጉጥ ይረካከባሉ። ተረካቢው ያቀባብላል፤ ሲያስረክብ ጥይቷን አውጥቶ መልሶ ከካርታው ላይ ያስቀምጣታል። ነገም ያችው ጥይት ናት፣ ከነገ ወዲያም። በየጊዜው አፍንጫዋ መወጣጫውን ስትመታ አረሯ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀለሁ ውስጥ ትሰምጣለች። ከአዲስ ጥይት ጎን ስናቆማት አጥራ ታየችን፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ያጠረች ጥይት መወጣጫውን በተሳሳተ ቦታ ትመታለች፤ ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ቀለሁ ውስጥ ለባሩዱ የተተወው ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ከልኩ በላይ ይወጣል። መፍትሔው ጥይቶቹን በተራ ማዘዋወር፣ ያጠረችውንም ከአገልግሎት ማውጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በየርክክቡ ማቀባበሉን መተው ነው፤ ይህ ግን የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ስለሆነ ለአለቃው እንዲነግር መከርኩት።

ቆሻሻ እና ዘይት። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ነው፤ አንዱ የመኪና ዘይት፣ ሌላው ናፍጣ፣ ሦስተኛው የምግብ ዘይት፣ አንዳንድ ሽማግሌ ደግሞ ቅቤ። የምግብ ዘይት ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል፤ ቅቤውንም ለቁርስ እናቆየው። የመሣሪያ ዘይት ካልተገኘ ቀጭኑ የስፌት ማሽን ዘይት ያስኬዳል። ጥቂት ጠብታ ማቀባበያው የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች ላይ፣ በርሜሉ ውጭ ላይ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠረግ። ካርታው ውስጥና ጥይቱ ላይ ግን ዘይት አይገባም፤ ካርታው ውስጥ የገባ ዘይት አቧራን ይዞ ጭቃ ያደርገዋል፣ ከቆየም ሰርጎ የጥይቱን መለኮሻ ሊያከሽፍ ይችላል።

የእኛ አካባቢ የአየር ጠባይ ይህን ያባብሰዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ በጉም ትሸፈናለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ ላይ የበረደ ብረት ሞቅ ወዳለ አየር ሲወርድ ልክ ከቀዝቃዛ ቦታ እንደወጣ ጠርሙስ ላቦት ያወጣል። ያ ላቦት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ታፍኖ ይቆያል፤ ቆዳ ደግሞ እርጥበትን ይዞ የማቆየት ልማድ አለው። ወደ ባቲ የወረደ ሰው ሌላ ጠላት ያገኛል፣ አቧራ። የማካሮቭ ካርታ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጥይት ስንት እንደቀረ ያሳያል፤ አቧራም በዚያው ይገባል። ካርታን አልፎ አልፎ ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የዓመት ሥራ ሳይሆን የወር ሥራ ነው።

የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት፣ በተለይ የቶካሬቭ 7.62 በ25፣ የተኮሰ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ብዙዎቹ መለኮሻቸው ውስጥ ሲፈነዳ ጨው የሚተው ንጥረ ነገር አለ። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ ዘይት ቀብቶ ቢተኛ በርሜሉ በጥቂት ቀን ይዝጋል፣ የበርሜሉ ኋላ ሻካራ ይሆናል፣ ከዚያ ቀጥሎ መጉረስም መትፋትም ያስቸግራል። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው፤ ፈትቶ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ውሃ ብረት ላይ ማፍሰስ ለብዙ ሰው ኃጢአት ይመስለዋል፤ እዚህ ላይ ግን ትክክሉ እርሱ ነው።

ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ለመግባት ሲታገሉ ካያችሁ ካርታውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አንደኛው ባዶ ቀለህ ከሆነና በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ከቀረ፣ ችግሩ ከመጉረስ ሳይሆን ከመጎተት ነው፤ ጥፍሯ ተሸርፋለች፣ ከሥሯ ቆሻሻ ተጠቅጥቋል፣ ወይም በርሜሉ ኋላ ሻክሯል። አዲሱ ጥይት ሥራውን ነበር የሚሠራው፤ ቤቱ ግን አልተለቀቀለትም። እንዲህ ሲነክስ ካርታውን በግድ ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ ደጋግሞ ማቀባበል ነው። በቢላዋ ወይም በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጥይቱን መጎርጎር ግን መለኮሻዋን መንካት ማለት ነውና አይሞከርም።

ባዶው ቀለህ ማቀባበያው አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከተነከሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። ማቀባበያው ወደ ኋላ ሙሉ መንገዱን እንዲሄድ ከሥር ያለው አካል መቆም አለበት፤ አንጓው የላላ ሰው ሽጉጡን አብሮ ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ ኃይሉም ይባክናል። ይህን ለባለ ሽጉጡ መንገር ከባድ ነው፤ ማንም ሰው «መሣሪያህ ደህና ነው፣ እጅህ ነው» ሲባል ደስ አይለውም። ያው ሽጉጥ በሌላ ሰው እጅ ያለ ችግር ከሠራ ግን ክርክሩ አለቀ።

ምላጭ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ አፈሙዙ እንደተነጣጠረ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ድምፁ እንደወትሮው ካልሆነ፣ ደካማ «ፑፍ» ካለ ደግሞ ወዲያው ይቁም። አረሩ በርሜሉ መሐል ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ከመጣ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ነገር ጨክኜ ልናገር። ለድምፅ ብቻ ከተሠራ የጋዝ ሽጉጥ ተለውጦ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተደረገ ነገር የመጉረስ ችግር ቢኖርበት አይጠገን። የዚያ ዓይነት ሽጉጥ አካሉ ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲሸከም አልታሰበም። አለመጉረሱ ለባለቤቱ የተደረገ ቸርነት ነው።

ወደ ሞረዱ ልመለስ። መወጣጫው በፋብሪካ ሲሠራ ማዕዘኑ በልክ ነው። በሞረድ የወጣ ብረት አይመለስም፤ አብዝቶ የተሞረደ መወጣጫ የቀለሁን ታች ያለ ድጋፍ ይተወዋል፣ ቀለሁም ሲፈነዳ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ ቦታ የሚፈቀደው በጨርቅ ማጽዳት፣ ቢበዛ በባለሙያ እጅ ማለስለስ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሞረድ የፈለገ መወጣጫ ከአንድ እጄ ጣት በታች ነው ያየሁት፤ ሞረድ ያበላሸውን ግን ቆጥሬ አልጨረስኩም።

ጥበቃው ከንፈሩ የተፋቀውን ካርታ፣ ቁጥር 2ን፣ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት፤ አጭሯን ጥይት በወረቀት ጠቅልሎ ለይቶ ያዛት፣ ከሽጉጡ ጋር ለአለቃው ሊያሳይ። ከተማ ውስጥ መተኮስ ስለማይቻል ሙከራው በሕጋዊ የተኩስ ቦታ፣ ኃላፊው ባለበት እንዲሆን ተስማማን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። በቁጥር 1 ካርታና በአዲስ ጥይት ስምንቱንም ጎርሷል። ቁጥር 2ን ምን አደረጋችሁት ብዬ ጠየቅሁት።

«ጥበቃ ቤት አለ፣ ጋሼ» አለ እየሳቀ። «ቆርኪ እንከፍትበታለን።»